ቀዩ ከላይ

"የሚነሳ ነው አይደል?" አሉ ወይዘሮ እንዳለች፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ቤርሳቤህ መሰላል ላይ ቆማለች። አራተኛውን ህትመት በግራ እጇ ግድግዳው ላይ ደግፋ፣ በቀኝ እጇ የፕላስቲክ ማለስለሻውን ከመሃል ወደ ዳር ትገፋለች። እንዲህ ባለ ሰዓት ሠራተኛን ማናገር ደግ አይደለም። አንዲት የአየር አረፋ ወረቀቱ ሥር ከቀረች ነገ እንደ ብጉር ጎልታ ትወጣለች።

"ይነሳል፣ ወይዘሮ እንዳለች። ጫፉን በጥፍር ይዞ መሳብ ብቻ ነው።"

"ቀለሙን ሳይልጥ?"

"ሳይልጥ። የእናንተ ግድግዳ ዘይት ቀለም ነው፤ ምንም አይሆንም።"

"ዛሬውኑ አንሱት ብንባልስ?"

"ዛሬውኑ።"

ዳይሬክተሯ ተንፈስ አሉ። ገና ከንጋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ እሳቸው ግን ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ ትንሽ ባንዲራ ሰክተው፣ የትምህርት ቤቱን በረንዳ ከዳር ዳር እየተመላለሱበት ነው። የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው። አራት ሰዓት ላይ ከላይ የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ የወላጅ ኮሚቴም ይመጣል። እንግዶቹ በረንዳው ላይ የሚያዩት የባንዲራውን ታሪክ ነው፤ አምስት ባንዲራ፣ አምስት ህትመት፣ የመጨረሻው ከሌሎቹ በእጥፍ የሚበልጥ። በእጥፍ ይብለጥ ያሉት ወይዘሮ እንዳለች ናቸው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሃያ ዓመት ትምህርት ቤት ያስተዳደረ ሰው ስለ ባንዲራ መጠየቁ አይቀርለትም፤ ሲጠየቅም መልሱ የሚወሰነው በጠያቂው ነው። ሥዕሉ በቀለም ይሳል ሲባሉ እምቢ ብለው የሚነሳ ወረቀት ያዘዙት ለዚህ ነው።

ቤርሳቤህ እንጀራዋ ይኸው የሚነሳ ወረቀት ነው። ጌጃ ሰፈር፣ ከአንድ የብረት በር ሠሪ አጠገብ ጠባብ ሱቅ አላት። ሥዕሉን ራሷ ታወጣለች፣ አሳትማ ራሷ ትለጥፋለች። ደንበኞቿ አብዛኞቹ የልደታ ኮንዶሚኒየም ተከራዮች ናቸው። አከራይ "ግድግዳዬን እንዳትቀቡ፣ ሚስማር እንዳትመቱ" ይላል፤ ተከራይ ደግሞ በሰው ግድግዳ መሃል ተኝቶ የራሱን ነገር ማየት ያምረዋል። ለሙሽሮች ትልልቅ ቅጠል፣ ለሕፃናት ደመና፣ ሀብታም መምሰል ለሚወድ እምነበረድ ትለጥፋለች። ውሉ ሲያልቅ ተከራዩ እምነበረዱን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አድርጎ ይወጣል። ግድግዳው እንደነበረ ይቀራል።

ይኼኛው ሥራ ግን ከሌላው ይለይባታል። ሐሳቡ የአባቷ ነው።

አባቷ አቶ ገብረጊዮርጊስ ሠላሳ አምስት ዓመት ባንዲራ ሰፍተዋል። በሃያ ዓመታቸው አንድ ስፌት ቤት ገብተው መጀመሪያ አንበሳ ያለውን ሰፉ። ቆየት ብሎ ዘውዱን ከአንበሳው ራስ ላይ ፍቱ ተባሉ፤ ፈቱ። ከዚያ አንበሳውን ራሱን ፍቱ ተባሉ። ከዚያ ሌላ ዓርማ ስፉ፣ ከዚያ እሱንም ፍቱ፣ በመጨረሻ ኮከቡን ስፉ ተባሉና ኮከብ እየሰፉ ጡረታ ወጡ። የትኛው ይሻላል ተብለው ሲጠየቁ "እኔ የማውቀው መርፌ ነው" ይላሉ። የተጠለፈ ዘውድ ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ ጨርቁ ላይ እንደሚቀር፣ በካውያ ቢሉት ቢሉት እንደማይጠፋ ግን የሰማቸው ሁሉ ያውቃል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቤርሳቤህ የትምህርት ቤቱን ሥራ ስትነግራቸው አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ገልብጠው፣ የጎረቤት ልጅ የቀለም እርሳስ ተውሰው፣ አምስቱን በተራ ሳሉላት። አንበሳው ውሻ ይመስላል፤ ቀለሙ ግን ከመስመር አልወጣም። አንድ ነገር ብቻ አስደነገጣት። የመጀመሪያው ባንዲራ ላይ ቀዩ ከላይ ነው፤ አረንጓዴው ከታች።

ምንም አላለቻቸውም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሱቋ ሄዳ አረመችው። አባቷ የሰፉት አንድ ልሙጥ ባንዲራ ቤት ነበር፤ ስፌቱ እስኪታይ አቅርባ ፎቶ አንስታ፣ እንዳለ አረንጓዴውን ከላይ አድርጋ አሳተመችው። ከዚያ ወንድሟ በሱፍቃድ ደወለ።

በሱፍቃድ ከነሐሴ ጀምሮ የሚደውለው ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ነሐሴ ላይ አባታቸው፣ ከቤርሳቤህ ጋር የሚኖሩበት ብሎክ መስሏቸው፣ የሌላ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው፣ የማያውቁት ሰው በር አንኳኩተው፣ ግቡ ሲባሉ ገብተው ግማሽ ሰዓት ቴሌቪዥን አዩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሰው በር ያላንኳኳ ሰው የለም፤ ሕንጻው ሁሉ አንድ ነው፣ ደረጃው አንድ ነው፣ በሩ አንድ ነው። በሰባ ሰባት ዓመት ሲሆን ግን ሌላ ስም ይሰጠዋል። ሁለት ጊዜ ምድጃ ለኩሰው ረስተዋል። ቤርሳቤህን "ሙሉመቤት" ብለው ጠርተዋታል፤ በሟች እናቷ ስም። በሱፍቃድ ለገጣፎ ግቢ ያለው ቤት አለው። "በር ላይ ዘበኛ አለ፤ ብቻቸውን አይወጡም። ክፍላቸውን አዘጋጅቻለሁ" ይላል። አባታቸው ደግሞ "እዚያ ማንን አውቃለሁ? ግድግዳ ሳይ ልውል?" ይላሉ። ቤርሳቤህ ሁለት ወር ሙሉ ከአባቷ ጎን ቆማ ወንድሟን ስትመልስ ቆየች። ያን ቀን ግን ደክሟት ነበርና አፏ አመለጣት።

"ባንዲራውን እንኳን ገልብጠው ሳሉት" አለችው።

በሱፍቃድ "በቃ። የሰንደቅ ዓላማ ቀን ይለፍና ቅዳሜ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ" አለ። እሷም እሺ አለች። ልብሳቸውን አጥባ መተኮስ ከጀመረች ይኸው አራት ቀኗ። አባቷ ሸሚዛቸው በአንድ ጊዜ ሲደረደር አይተዋል፤ ቅዳሜ በሱፍቃድ እንደሚመጣም ሰምተዋል፤ ለምን ብለው ግን አልጠየቁም።

አምስተኛውን ህትመት ለጥፋ ስትጨርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። የታሪክ መምህሩ ፈቃደ፣ እጅጌያቸው ጠመኔ እንደነካው፣ ሻይ ይዘውላት መጡ። ከኮከቡ ጀምረው ወደ ኋላ እያዩ ሄዱ። የመጀመሪያው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙና አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

"እዚህ ላይ አረንጓዴውን ማን ነው ከላይ ያደረገው?"

"እንዴ፣ ከላይ አይደል እንዴ?"

"አሁንማ ከላይ ነው። ያኔ ግን..." መነጽራቸውን አወለቁ። "ከዚያ በፊት ሦስቱም ለየብቻ የሚውለበለቡ ረጃጅም ጨርቆች ነበሩ። አንድ ላይ መሰፋት ሲጀምሩም አደራደራቸው እንደ ዛሬው የጸና አልነበረም። መጀመሪያ አካባቢ ቀዩ ከላይ ነው። ልጆቹን የማስተምራቸው እንደሱ ነው።"

ስልካቸውን አውጥተው አንድ የደበዘዘ ሥዕል አሳዩዋት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ።

ቤርሳቤህ የመሰላሉ የታችኛው እርከን ላይ ተቀመጠች። አፈረች። እንዲህ ያለ ሐፍረት ይዟት አያውቅም።

"ምነው እህቴ? ከሚያውቅ ሰው አልጠየቅሽም ነበር?"

"አባቴ በትክክል ስለውት ነበር" አለች። "ያረምኩት እኔ ነኝ።"

ዳይሬክተሯን ቢሮአቸው አገኘቻቸው። ነገሩን ስትነግራቸው ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሟት፤ መጨረሻ ላይ የቢሮውን በር ገፋ አድርገው ዘጉ።

"ቤርሳቤህ፣ ስሚኝ። መምህር ፈቃደ ትክክል ነው። አባትሽም ትክክል ናቸው። ግን አረንጓዴው ከላይ ሆኖ ሲያዩት ማንም ምንም አይጠይቅም። ቀዩ ከላይ ሆኖ ሲያዩት ሁሉም ይጠይቃል። በዛሬው ቀን፣ በእኔ ትምህርት ቤት፣ ባንዲራ ተገልብጦ ተሰቀለ ነው የሚባለው።"

"ታሪኩ ነው እኮ። ታች ማብራሪያ አለው።"

"ማብራሪያ የሚያነብ እንግዳ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ቤርሳቤህ አላየችም።

"እንዳለ ይሁን" አሉ ወይዘሮ እንዳለች፤ ድምፃቸውን አለዘቡ። "የአሥራ ሁለቱን ክፍሎች ግድግዳ ላንቺ እንድሰጥ ቦርዱን አሳምኛለሁ። ለዛሬ አታስቸግሪኝ፣ እህቴ።"

አሥራ ሁለት ክፍል ማለት እስከ ሚያዝያ ሥራ አለ ማለት ነው። ቤርሳቤህ እሺ ብላ ወጣች። ከአፏ የወጣው እሺ ነው፤ ልቧ ግን ያ እሺ ለበሱፍቃድ ያለችው እሺ ወንድም ሆኖባት ነበር።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ጎረቤቷ ዘይቱና አቶ ገብረጊዮርጊስን ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ዳይሬክተሯ ባንዲራ የሰፉ ሰው መሆናቸውን ሰምተው በክብር እንግድነት ጠርተዋቸዋል። ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ፊት ለፊት ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸው ለበረንዳው ነው። ግድግዳውን ገና አላዩትም። ወይዘሮ እንዳለችን "ወይዘሮ አስቴር" ብለው ሰላም ሲሏቸው ቤርሳቤህ ከሩቅ ሰማች። አስቴር የምትባል ሰው እዚያ የለችም።

ያኔ ልትተወው ነበር። ይረሳሉኮ፣ እውነት ነው፤ ምን ልቧን አስጨነቃት? ግን ሰው አንድ ነገር ስለረሳ የሚያውቀውን ሁሉ የሚነጥቁት ለምንድነው? እሷ አባቷን አልጠየቀችም። ይህን ለምን እንዲህ አደረጉት አላለችም። ሳትጠይቅ ፈረደች፤ ፍርዷን ለወንድሟ አስተላለፈች፤ ሸሚዝ ተኮሰች።

የመጀመሪያው ህትመት ላይ ጽሑፍ የለም፤ ማብራሪያው ከሥሩ ለብቻው ነው የተለጠፈው። ተነስቶ ቢዞር ቀዩ ከላይ ይውላል። እንዲህ የሚደረገው ግን ማጣበቂያው ትኩስ ሳለ ነው፤ ዕድሉም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አቧራ ከነካው አይይዝም። ቤርሳቤህ ማጣበቂያውን ሸፍኖ የነበረውንና የጣለችውን የጀርባ ወረቀት ከቅርጫት አወጣች። መሰላሉ ላይ ወጣች። የላይኛውን ጫፍ በጥፍሯ ያዘችና ሳበች።

ግማሹን እንደላጠች መዝሙሩ ጀመረ።

መዝሙር ሲጀምር ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ዘበኛው ቦጂያ በሩን በአንድ እጁ እንደያዘ ቀጥ አለ። ከአጥሩ ውጭ ወደ ሜክሲኮ የሚሄዱ ሰዎች ሳይቀሩ ቆሙ። ቤርሳቤህም ቆመች፤ መሰላል ላይ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ የተላጠ ባንዲራ ግማሽ አካል ከጭንቅላቷ በላይ እንደያዘች። ብትለቀው ይጣበቅና ይበላሻል። ብትንቀሳቀስ ነውር ነው።

ባንዲራው ቀስ እያለ ወደ ሰማይ ሲወጣ የሁሉም ዓይን አብሮት ወጣ፤ ከአንድ ሰው በስተቀር። ወይዘሮ እንዳለች ምሰሶው ሥር ፊታቸውን ወደ በረንዳው አድርገው ቆመው ነበር። አዩዋት። እጃቸው ጎናቸው ላይ እንደተጣበቀ፣ አገጫቸው ቀና እንዳለ፣ ዓይናቸው ብቻ ፈጠጠ። ጮኸው እንዳይጠሩ መዝሙር ነው፤ ሮጠው እንዳይመጡ መዝሙር ነው። ቤርሳቤህም አየቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ግቢውን አቋርጠው ተፋጠጡ። ሦስት መቶ ልጆች በሙሉ ድምፃቸው ይዘምራሉ፤ የቤርሳቤህ ክንድ እየዛለ ነው፤ መዝሙሩ ደግሞ ዛሬ ማለቂያ ያለው አይመስልም። ዓይኗን ግን ከዳይሬክተሯ ላይ አላነሳችም። ፈርታለች፤ ቢሆንም አልጸጸታትም።

መዝሙሩ አለቀ። ዳይሬክተሯ አንድ እርምጃ ሲራመዱ ግን መድረክ መሪው ስማቸውን ጠራና ማይክሮፎኑን ሰጣቸው። ከእሳቸው በኋላ ከላይ የመጡት የክብር እንግዳ ተናገሩ። ቤርሳቤህ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የእንግዳ ንግግር ረዝሞ ደስ አላት። ቀሪውን ላጠች፤ የጀርባውን ወረቀት አለበሰች፤ አዞረችው። የላይኛውን ጠርዝ በውሃ ልክ አስተካክላ ያዘች፤ የጀርባውን ወረቀት መልሳ ገፈፈች፤ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር። አንድ አረፋ እንኳ አልቀረም።

እንግዶቹ ወደ በረንዳው ሲመጡ አባቷ በመጨረሻ ነበሩ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አብዱልመናን ገና ከመጀመሪያው ህትመት ፊት ቆሙ።

"ይቅርታ፣ ይሄኛው አልተገለበጠም?"

ጫጫታው ቀነሰ። ወይዘሮ እንዳለች ቤርሳቤህን አዩ። ፊታቸው "ነግሬሽ ነበር" ይላል። መምህር ፈቃደ ለመናገር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቤርሳቤህ ራሷ ማብራራት ትችል ነበር፤ ቃሉንም አዘጋጅታ ነበር። ላለፉት ወራት ሰው አባቷን ምን ቢጠይቃቸው የምትመልሰው እሷ ነበረች፤ ሐኪም ቤትም፣ ዕድር ላይም፣ ደረጃው ላይም።

"አባባ" አለች። "እርስዎ ይንገሩልን።"

አቶ ገብረጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ግድግዳው አጠገብ ሄዱና ቀዩን በመዳፋቸው ነኩት። መዳፋቸውን ሳያነሱ ቆዩ፤ ቤርሳቤህ ባላደረግኩት አለች በሆዷ።

"መርፌ ያስተማሩኝ ሰውዬ በጣም ሽማግሌ ነበሩ" አሉ በመጨረሻ። "እሳቸው ልጅ ሆነው ያዩትን ነው የነገሩኝ። በፊት አንድ ባንዲራ አልነበረም፤ ሦስት ጨርቅ ነው። ኋላ አንድ ላይ ተሰፋ። ሲሰፋ ቀዩ ከላይ ነበር። አረንጓዴው ወደ ላይ የወጣው ኋላ ነው። እኔ ስገባ አረንጓዴው ከላይ ነበር፤ እኔ የሰፋሁትም እሱን ነው። የጥንቱ ግን ይሄ ነው።"

"አይ፣ ትክክል ናቸው" አሉ መምህር ፈቃደ።

አቶ አብዱልመናን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስልካቸውን አውጥተውም ፎቶ አነሱ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። ጎንበስ ብለው ቢጫውና ቀዩ የሚገናኙበትን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ነው።

"ቢሆንም ተገልብጧል" አሉ።

"እንዴት?" አሉ ወይዘሮ እንዳለች፤ ድምፃቸው ቀጠነ።

"ቀለሙ ልክ ነው። ስፌቱ ነው የተገለበጠው። የስፌት እጥፋት ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚተኛው፤ ወደ ላይ ከሆነ ዝናብ ይቋጥርና ክሩን ያበሰብሰዋል። ይኼ ወደ ላይ ነው። የኔ ስፌት ነው፤ አውቀዋለሁ፤ ግን አንድ ሰው አዙሮታል።"

ሰው ሳቀ። የክብር እንግዳውም ሳቁ። ወይዘሮ እንዳለች ሳይወዱ በግድ ሳቁና እንግዶቹን ወደ አንበሳው መሯቸው። ቤርሳቤህ አጠገብ ሲያልፉ ግን "ስለ ክፍሎቹ በኋላ እንነጋገራለን" አሏት፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ከድምፃቸው መለየት አልቻለችም።

አባትና ልጅ ቀሩ።

"ያዞርኩት እኔ ነኝ" አለች ቤርሳቤህ። "መጀመሪያ አረንጓዴውን ከላይ አድርጌ ነበር ያሳተምኩት። የሳሉትን አርሜ።"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"የረሱ መስሎኝ ነው፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።"

አቶ ገብረጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ አሽከረከሩ። ቅር ብሏቸዋል፤ አልደበቁትም።

"እረሳለሁ" አሉ። "በር እረሳለሁ። ምድጃ እረሳለሁ። እናትሽ መሞቷንም አንዳንድ ጠዋት እረሳዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና ትዝ ይለኛል። ግን ጠይቂኝ። ከረሳሁ ረሳሁ እልሻለሁ።"

ቤርሳቤህ ራሷን ነቀነቀች። ዕንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ እጇ ላይ ማጣበቂያ ነበርና ፊቷን አጣበቀባት።

"ቅዳሜ በሱፍቃድ ሊወስደኝ ነው የሚመጣው?" አሉ አባቷ።

"የት መኖር ይፈልጋሉ?"

"ቤቴ።"

"እንግዲያው ምሳ ሊበላ ነው የሚመጣው። በልቶ ይመለሳል። እኔ እነግረዋለሁ።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ ኮታቸውን ቆለፉ። ዘይቱና ሥራ አለኝ ብላ ቀደም ብላ ሄዳለች። ትምህርት ቤቱና ኮንዶሚኒየሙ መሃል አንድ አስፋልት አለ፤ ከአስፋልቱ ማዶ አንድ ዓይነት ሕንጻዎች ተደርድረዋል። የእነሱ አራተኛው ነው።

"ስንተኛው ብሎክ ነው የእኛ?" አለች ቤርሳቤህ።

"ከዚህ አራተኛው። በሩ ላይ ያቺ የተሰበረች ወንበር ያለችበት።"

"እንግዲያው ይቅደሙ። እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ እከተላለሁ።"

"ብቻዬን?"

"ብቻዎን።"

ቀስ ብለው ግቢውን አቋረጡ። በሩ ላይ ቦጂያ ተነስቶ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ከዚያ ወደ ቤርሳቤህ ዞሮ ከሩቅ ተጣራ።

"ላሻግራቸው?"

አባቷ አስፋልቱ ዳር ቆመው ግራና ቀኝ ያያሉ። እግሯ ሊሮጥ ተነሳ።

"ከፈለጉህ ይጠሩሃል" አለችው፤ ጀርባዋንም ሰጥታ መሰላሏን ማጠፍ ጀመረች።